ደወሉን ለጦርነት የደወሉት ቄስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ሰው ነው፤ ስለ ሜክሲኮው ቄስ ስለ አባ ሚጌል ኢዳልጎ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእሳቸው ሰጥቼዋለሁ። “ዓ.ም.” ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዘመኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፤ አብረውኝ የሚሠሩት አብዛኞቹ ሜክሲኮዎች ናቸው። ሴፕቴምበር 15 ማታ ቤታቸው ጠሩኝና ሄድኩ። ምግቡም ጨዋታውም ደስ ይል ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ ግን ሁሉም ጨዋታቸውን አቁመው ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጡ። ፕሬዚዳንቷ ሰገነት ላይ ወጥተው የሰው ስም እየጠሩ “ቪቫ!” ይላሉ፣ አደባባይ የሞላው ሕዝብ ይመልሳል፣ እኔ ያለሁበት ቤት ያሉትም ቆመው ይመልሳሉ። ከዚያ ደወል ተደወለ። አንዷ አልቅሳለች። ከተጠሩት ስሞች አንዱ ኢዳልጎ ነበር። ማነው ብዬ ብጠይቅ “ቄስ ነው፣ የአገራችን አባት ነው” አሉኝ። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። ካህን ዘማች ሲባርክ፣ ታቦት ይዞ ሲዘምት ሰምቻለሁ፤ አድዋም አቡነ ማቴዎስ ሄደዋል። ቄስ ራሱ አዝማች ሆኖ ጦርነት ሲከፍት ግን አልሰማሁም። ነገሩ እንዴት ነው? ደወሉስ ምንድን ነው? ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ሲጠሩኝ እንደ እንግዳ ዝም ብዬ ልቁም ወይስ ምን ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደወሉ የእሳቸው ነው። ዶሎሬስ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ያገለግሉበት የነበረው ቤተ ክርስቲያን ደወል ነው። በ1896 ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ተወስዶ ብሔራዊ ቤተ መንግሥቱ ላይ ተሰቀለ። ያየሽው እሱ ሲደወል ነው።

መጀመሪያ ግን ሰውየውን ላስተዋውቅሽ። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ታሪኩ ከደወሉ ይጀመርና ሰውየው ማን እንደነበሩ ሳይነገር ይቀራል።

አባ ኢዳልጎ በ1753 ጓናሁዋቶ አውራጃ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው የአንድ ትልቅ እርሻ አስተዳዳሪ ነበሩ። ልጁ ያደገው ከእርሻው ሠራተኞች ልጆች ጋር ነው። ስለዚህ ከስፔንኛ ሌላ የአገሬውን ሕዝብ ቋንቋዎችም ያውቃሉ። ትምህርት የጀመሩት ኢየሱሳውያን ካህናት ዘንድ ሲሆን፣ የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ የስፔን ንጉሥ ኢየሱሳውያኑን ከግዛቱ ሁሉ አባረረ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ሌላ ኮሌጅ ገቡ። እዚያ ጓደኞቻቸው “ቀበሮው” ይሏቸው ነበር፣ በብልጠታቸው። በ1778 ቀሰሱ። በ1790 የዚያው ኮሌጅ ዋና ኃላፊ ሆኑ፤ ሁለት ዓመት ቆይተው ለቀቁ፣ ከዚያ በኋላ የገጠር ደብር ቄስ ሆነው ቀሩ። ፈረንሳይኛ ያነባሉ፣ ቤታቸው ቲያትር ያሠራሉ፣ ሙዚቃ ይወዳሉ፣ ሀብታሙም ድሃውም አንድ ላይ ይቀመጣል። ለዚህም ቤታቸውን ሰው “ትንሿ ፈረንሳይ” ይለው ነበር። ልጆችም ወልደዋል፤ ለካቶሊክ ቄስ የማይፈቀድ ነው፣ ግን አልደበቁትም። በ1800 የሃይማኖት ፍርድ ቤቱ፣ ኢንኪዚሲዮን የሚሉት፣ ስለ ንግግራቸውና ስለ አኗኗራቸው ምርመራ ከፍቶባቸው ነበር። ሳይከሳቸው ተወው።

በ1803 የዶሎሬስ ቄስ የነበሩት ወንድማቸው ሲሞቱ ቦታውን ተረከቡ። እኔ ይህን ሰው የወደድኩት በጦርነቱ ሳይሆን እዚህ ጋ ነው። የዕለት ቅዳሴውን አብዛኛውን ለረዳት ቄስ ሰጡና ራሳቸው የእጅ ሥራ ቤቶች ከፈቱ። ሸክላ፣ ቆዳ ማልፋት፣ አናጢነት። ንብ ማነብ አስተማሩ። የሐር ትል ለማርባት ዛፍ አስተከሉ። ወይንና ወይራ ተከሉ። ይህ እንደ ቀላል ነገር እንዳይታይሽ፤ ቅኝ ግዛቱ ከስፔን የሚመጣውን ወይንና ዘይት እንዲገዛ ስለሚፈለግ እዚያው ማምረት የተገደበ ነበር። ወይን መትከል ራሱ ለገዢው አልታዘዝም እንደማለት ነው። እስከ ዛሬ ዶሎሬስ የምትታወቀው በሸክላዋ ነው።

አሁን ደግሞ ጊዜውን እይው። አገሩ “አዲሲቱ ስፔን” ይባላል፤ ስፔን ለ300 ዓመት ገደማ ገዝታዋለች። ከላይ ከስፔን የመጡት ተቀምጠዋል፤ ሕዝቡ በንቀት “ጋቹፒን” ይላቸዋል። ቀጥሎ እዚያው የተወለዱ የስፔናውያን ልጆች አሉ፣ ክሪዮሎ ይባላሉ፤ ሀብት አላቸው፣ ትልቁ ሹመት ግን አይደርሳቸውም። አባ ኢዳልጎም ክሪዮሎ ናቸው። ከዚያ ክልሱ፣ ከዚያ የነፍስ ወከፍ ግብር የሚከፍለው የአገሬው ሰው፣ ከሥር ባሪያው። በ1804 ደግሞ ስፔን ለጦርነቷ ገንዘብ ሲያጥራት አዋጅ አወጣች፤ ቤተ ክርስቲያን ለገበሬና ለነጋዴ ያበደረችው ገንዘብ ሁሉ ባንዴ ተሰብስቦ ወደ ንጉሡ ይምጣ የሚል። ስንቱ እርሻውን አጣ። አባ ኢዳልጎም ራሳቸው መሬት ነበራቸው፤ በዚሁ ዕዳ ተያዘባቸው። ለብዙ ትናንሽ ቀሳውስት የዚያ ገንዘብ ወለድ የዕለት እንጀራቸው ነበር። የገጠር ቄሶች ለምን ሸፈቱ ለሚል ሁሉ እኔ መጀመሪያ የምነግረው ይህን ነው።

በ1808 ናፖሊዮን ስፔንን ወርሮ ንጉሡን ፈርናንዶ 7ኛን ከዙፋን አወረደ። ንጉሥ ከሌለ ማን ነው የሚያዝዘን የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ተነሳ። በዚያ ላይ ድርቅ ገባ፣ የበቆሎ ዋጋ ናረ።

በዚህ መሀል ኬሬታሮ ከተማ ውስጥ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ነው እየተባለ የሚሰበሰብ ቡድን ነበር። በውስጡ እንደ ኢግናሲዮ አዬንዴና ሁዋን አልዳማ ያሉ የክሪዮሎ መኮንኖች፣ የከተማዋ ሹም ሚጌል ዶሚንጌዝና ባለቤታቸው ዶኛ ሆሴፋ ኦርቲዝ አሉበት። አባ ኢዳልጎም ገቡበት። ለአመጹ ቀን ቆርጠው ሳለ በሴፕቴምበር አጋማሽ ተጠቆመባቸው። ባልየው በሹመታቸው ሰዎቹን እንዲይዙ ታዘዙ፤ ሚስታቸው እንዳትናገር ብለው ቤት ውስጥ ቆለፉባት። ዶኛ ሆሴፋ ግን ወለሉን በጫማዋ ተረከዝ መታች። ከሥር የሚኖረው የእስር ቤት ጠባቂ የእነሱ ሰው ነበር። ሰማ፣ መልእክቷን በቁልፍ ቀዳዳ ተቀበለና በፈረስ ጋለበ። አልዳማ ጋ ደረሰ፤ አልዳማ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ዶሎሬስ ገብቶ ቄሱን ቀሰቀሰ። አዬንዴም እዚያው ነበር። መኮንኖቹ ምን ይሻላል እያሉ ሲጨነቁ ቄሱ ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር ይባላል። አልቆልናል፣ ያለን ምርጫ ሄዶ ጋቹፒኖቹን መያዝ ነው አሉ። እስረኞችን አስፈቱ። እሑድ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1810 ጎህ ሲቀድ ደወሉን አስደወሉ።

እሑድ ነው፣ ገበያም ነው። ሰው ለቅዳሴ መስሎት ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተሰበሰበ። ቄሱ ወጥተው ተናገሩ። ያሉትን ቃል በቃል የጻፈ የለም። በኋላ ሰዎች ካስታወሱት የሚገጣጠመው እመቤታችን ትኑር፣ አሜሪካ (የራሳቸውን ምድር ማለታቸው ነው) ትኑር፣ ክፉ መንግሥት ይውደም የሚለው ነው። ፈርናንዶ 7ኛ ይኑርም ብለዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን አመጽ በንጉሡ ስም ነበር። ከዶሎሬስ ጥቂት መቶ ሰው ይዘው ወጡ። መንገድ ላይ አቶቶኒልኮ ከሚባል ቤተ ክርስቲያን የጓዳሉፔ እመቤታችንን ሥዕል አወጡና ሰንደቅ አደረጓት። ጓዳሉፔ ማለት ለሜክሲኮ ሕዝብ፣ በተለይ ለአገሬው ተወላጅ፣ የራሱ እናት ናት፤ በትውፊቱ በ1531 ለአንድ የአገሬው ሰው በቋንቋው ያነጋገረችው። እኛ ታቦት ሲወጣ የምናደርገውን አስቢ። ሰው ማጭድና ዱላውን ይዞ ከየመንደሩ ይከተላት ጀመር።

ጥያቄሽን የምመልሰው እዚህ ላይ ነው። መኮንኖቹ የፈለጉት በወታደር የሚያልቅ፣ ክሪዮሎዎች ሥልጣን የሚይዙበት ንጹህ ያለ ግልበጣ ነበር። ለዚያ ቄስ አያስፈልግም። ሴራው ሲገለጥ ግን ያላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ደወል ደውሎ፣ በሕዝቡ ቋንቋ ተናግሮ፣ “ኑ” ሲል የሚታመን። ቄሱ ደግሞ ከጠሩት በኋላ በሩን ለሁሉም ከፈቱት።

ጥያቄ (ከሐዋሳ፣ መምህር)፦ ለተማሪዎቼ ስለ ኢዳልጎ ሳስተምር አንዱ ተማሪ ያነበበውን አነሳብኝ። ጳጳሳቱ አውግዘዋቸዋል፣ ጓናሁዋቶ ላይ ሰው ተጨፍጭፏል፣ ከመሞታቸው በፊትም ተጸጽቻለሁ ብለው ፈርመዋል። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ለምን የአገር አባት ይባላሉ?

መልስ፦ መምህር፣ ሦስቱም እውነት ነው። ተማሪዎን ያበርቱልኝ።

ከጓናሁዋቶ ልጀምር። የብር ማዕድን ከተማ ናት፣ ሀብታም። ሴፕቴምበር 28 ሠራዊቱ ደረሰ። የአውራጃው ገዢ ሁዋን አንቶኒዮ ሪያኞ የአባ ኢዳልጎ ወዳጅ ነበሩ፤ ቤታቸው ተጋብዘዋል፣ መጽሐፍ አብረው አንብበዋል። ሪያኞ ስፔናውያኑንና የመንግሥቱን ገንዘብ ሰብስበው አሎንዲጋ በሚባለው ትልቅ የእህል ጎተራ ገቡና በሩን ዘጉ። ድሃው የከተማ ሕዝብ ውጭ ቀረ። ተትተናል አለ፤ ከመጪዎቹ ጋርም አበረ። አባ ኢዳልጎ እጅ ስጡ ብለው ላኩ፤ ለወዳጃቸውም ቤተሰብዎን እኔ እጠብቃለሁ የሚል የግል ደብዳቤ ጨመሩበት። ሪያኞ እምቢ አሉ። ጦርነቱ እንደተጀመረ መጀመሪያ ከወደቁት አንዱ እሳቸው ናቸው። ፒፒላ የሚባል ማዕድን ቆፋሪ ጥይት እንዳያገኘው ጠፍጣፋ ድንጋይ ጀርባው ላይ አስሮ ሄዶ በሩን አቃጠለው ይባላል። በሩ ሲከፈት ውስጥ ያሉት በመቶዎች ተገደሉ፤ ከተማዋም ተዘረፈች። አዬንዴ ሰይፉን መዝዞ ዘራፊውን ለማስቆም ሞክሯል፣ አልተቻለም። ከዚያ ቀን በኋላ ቄሱና መኮንኑ አልተግባቡም።

በጓናሁዋቶ ነገሩ ከእጃቸው ወጣ ብሎ መከራከር ይቻላል። ጓዳላሃራ ከተማ ላይ ግን አይቻልም። እዚያ የታሰሩ ስፔናውያን በቡድን በቡድን ሌሊት እየተወሰዱ ያለ ፍርድ ተገድለዋል። በእሳቸው ዕውቀት። በኋላ በምርመራቸው ሲጠየቁ አልካዱም፤ ሰዎቹ ያልተከሰሱት ንጹሐን እንደሆኑ ስለማውቅ ነው፣ የሚከሰሱበት ነገር አልነበረም ብለው ተናግረዋል። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይከብደኛል። የማከብራቸው ሰው ናቸው፤ ግን ይህን ከታሪካቸው መቁረጥ አይገባም፣ እሳቸውም አልቆረጡትም።

ውግዘቱ የመጣው ገና ጓናሁዋቶ ሳይደረስ ሴፕቴምበር 24 ነው። ያወገዟቸው ለሚቾአካን የተመረጡት ጳጳስ አባድ ኢ ኬይፖ፣ የቆየ ትውውቃቸው ናቸው። ይገርማል፣ እኚሁ ሰው ከዓመታት በፊት ስለ አገሬው ሕዝብ ድህነት ለስፔን መንግሥት የጻፉ ናቸው። ሕመሙን ሁለቱም አይተውታል። በኦክቶበር አጋማሽ የአባ ኢዳልጎ ጦር ባያዶሊድ የምትባለውን ከተማ ሳይዋጋ ሲይዝ ጳጳሱ ሸሽተው ነበር፤ በቦታቸው የቀሩት የካቴድራሉ ኃላፊ ውግዘቱን አነሱ። ጦሩ ሲሄድ ውግዘቱ ተመለሰ። ሕዝቡ እንዴት እንዳየው ከዚህ ይገባዎታል። በነገራችን ላይ የንጉሡ ወገንም ዝም አላለም፤ ከጓዳሉፔ ፊት የሬሜዲዮስ እመቤትን አቆሙ፣ ምስሏንም የጄኔራል ማዕረግ ምልክት አስያዙት። በአንድ ጦርነት ሁለቱም ወገን እመቤታችን ከእኔ ጋር ናት ይል ነበር።

ለምን የአገር አባት ለሚለው የእኔ መልስ ባሪያ ስለፈቱ ነው። ባያዶሊድ ላይ በኦክቶበር፣ ደግሞም ጓዳላሃራ ላይ በ1810 መጨረሻ አዋጅ አስነገሩ፤ ባሪያ ያለው ሁሉ በአሥር ቀን ውስጥ ነጻ ያውጣ፣ እምቢ ያለ በሞት ይቀጣል የሚል። የአገሬው ሰው የሚከፍለው የነፍስ ወከፍ ግብርም ይቅር አሉ። መቼ እንደሆነ ያስተውሉልኝ፤ አሜሪካ ባርነትን የሻረችው በ1865 ነው። መኮንኖቹ ስለ ሥልጣን ሲያስቡ ቄሱ በደብራቸው ያዩትን ሰው እያሰቡ ነበር።

ቀሪው አጭር ነው። ኦክቶበር 30 ላይ 80,000 ገደማ ሕዝብ ይዘው ሜክሲኮ ሲቲ አፋፍ ደርሰው፣ ሞንቴ ዴ ላስ ክሩሴስ ላይ አሸንፈው፣ ከተማዋ ሳይገቡ ተመለሱ። ለምን እንደሆነ ሰው እስከ ዛሬ ይከራከራል፤ ጥይት አልቆ ነበር፣ ብዙ ሰው ሞቶ ነበር፣ የጓናሁዋቶ ነገር እንዳይደገምም ፈርተው ይሆናል። ጃንዋሪ 17 ቀን 1811 ካልዴሮን ድልድይ ላይ ጄኔራል ካዬሃ ያዘዘው የሠለጠነ ጦር ገጠማቸው፤ ጥይት የጫነ ጋሪያቸው ሲፈነዳ ሠራዊቱ ተበተነ። መኮንኖቹ አዛዥነቱን ነጠቋቸው። ወደ ሰሜን ሲሸሹ ማርች 21 የገዛ ወገናቸው የነበረ ኤሊሶንዶ የሚባል ሰው አሳልፎ ሰጣቸው።

ቺዋዋ ወስደው አሰሯቸው። የታሰሩበት ሕንጻ ቀድሞ የኢየሱሳውያን ኮሌጅ የነበረ ነው፤ በእነሱ ቤት ፊደል ጀምረው በእነሱ ቤት ሞቱ። የጸጸቱ ወረቀት ሜይ 18 የተጻፈ ነው። በሰንሰለት ያለ ሰው የፈረመው ስለሆነ ሙሉውን የእሳቸው ቃል ነው የማይል ብዙ ነው። እኔ ስለ ደሙ መጸጸታቸውን አምናለሁ። የነጻነቱን ሐሳብ መካዳቸውን ግን አላምንም።

ቄስን መግደል ስለማይቻል ጁላይ 29 መጀመሪያ ክህነታቸውን ገፈፉ። ልብሰ ተክህኖ አልብሰው አንድ በአንድ አወለቁላቸው፤ ቅባት የተቀባውን የእጃቸውን ቆዳ በቢላ ፋቁት። ማግስቱን ሊረሽኗቸው ወጡ። ለጠባቂዎቻቸው ስለ ደግነታቸው የምስጋና ግጥም በከሰል ግድግዳ ላይ ጽፈው ነበር። በመንገድ ላይ ትራስ ሥር ከረሜላ አለ፣ አምጡልኝ አሉና ለሚተኩሱባቸው ወታደሮች አደሉ። እጄን ልቤ ላይ አደርጋለሁ፣ ያንን ዒላማ አድርጉ አሏቸው። የወታደሮቹ እጅ ተንቀጠቀጠ፤ መጀመሪያ የተተኮሰው አልገደላቸውም። ይህን የጻፈው የተኳሾቹ አዛዥ ራሱ ነው።

የእሳቸው፣ የአዬንዴ፣ የአልዳማና የሌላው መኮንን የሂሜኔስ ራስ ተቆርጦ ጓናሁዋቶ ሄደ። በብረት ቀፎ ሆነው በዚያው በአሎንዲጋ አራት ማዕዘን ተሰቀሉ። አሥር ዓመት። በ1821 ነጻነት ሲመጣ ነው የወረዱት። ዛሬ አጽማቸው ሜክሲኮ ሲቲ በነጻነት ሐውልቱ ውስጥ ነው፣ ወርቅማዋ መልአክ ያለችበት።

ለተማሪዎ አንድ ስም ይጨምሩላቸው፤ ሆሴ ማሪያ ሞሬሎስ። እሱም ቄስ ነው፣ ክልስ፣ በወጣትነቱ በቅሎ ነጂ፣ በኋላ የአንዲት ድሃ ገጠር ደብር አገልጋይ። በኦክቶበር 1810 መንገድ ላይ አባ ኢዳልጎን አገኛቸውና የጦሩ ንስሐ አባት ልሁን ብሎ ለመነ። እሳቸው ግን ሂድ፣ ደቡቡን አስነሳ፣ አካፑልኮን ያዝ አሉት። ጥቂት ሰው ይዞ ሄደ። ከሁሉም የተሻለ አዋጊ የወጣው እሱ ነው። በ1813 ቺልፓንሲንጎ ላይ ጉባኤ ጠራ፣ በኖቬምበር 6 ጉባኤው ያለምንም የንጉሥ ስም ነጻነት አወጀ። በዲሴምበር 1815 እሱም ተረሸነ። ካህናቱ በጣም ስለበዙ ነው መንግሥት በ1812 ሸፍቶ የተያዘ ቄስ የክህነት መብቱ አያድነውም የሚል ትእዛዝ ያወጣው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ አባ ኢዳልጎን የሜክሲኮ አቡነ ጴጥሮስ ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አስቤ ነበር። ሁለቱም ካህን፣ ሁለቱም በጥይት፣ ሁለቱም በጁላይ መጨረሻ። አቡነ ጴጥሮስ የተረሸኑት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው።

ግን አይመሳሰሉም። አቡነ ጴጥሮስ ሠራዊት አልመሩም። አገራቸው ነጻ ነበረች፤ ትናንት የገባ ወራሪ አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ ጠየቃቸው፣ እምቢ ብለው ምድሪቱ እንዳትገዛለት ገዘቱ። በእሳቸው እጅ የተገደለ ሰው የለም፤ የፈረሙት የጸጸት ወረቀትም የለም። አባ ኢዳልጎ ደግሞ ገና አገር ያልሆነን ነገር አገር ለማድረግ ነው የተነሱት፣ እየተሳሳቱ፣ እየተጣሉ፣ እጃቸውን ደም እየነካው። ሁለቱንም ማክበር እንችላለን። አንዱን በሌላው ስም መጥራት ግን ሁለቱንም ይጎዳል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ሜክሲኮ አደባባይ ከዚህ ታሪክ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ ከቄሱ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ጣሊያን አገራችንን ይዣለሁ ስትል ብዙ መንግሥታት ሲቀበሏት፣ በፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ ጊዜ የነበረችው ሜክሲኮ ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። በመንግሥታቱ ማኅበርም ተወካይዋ ኢሲድሮ ፋቤላ ስለ እኛ ተከራክረዋል። አደባባዩ ለዚያ ውለታ ነው የተሰየመው። ሜክሲኮ ሲቲም “ኢትዮጵያ” የሚባል አደባባይና የሜትሮ ጣቢያ አለ፣ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ጃንሆይም በ1954 ሜክሲኮን ጎብኝተዋል። እዚያ የሄደ አንባቢ ካለ የጣቢያውን ፎቶ ቢልክልን ደስ ይለናል።

ለዳላሷ እህቴ አንድ መልስ ቀርቶብኛል። ሲጠሩሽ ሂጂ። እንደ እንግዳም አትቁሚ፤ “ቪቫ” ማለት ይኑር፣ ትኑር ማለት ነው፣ ሲሉ አብረሽ በዪ። መጨረሻ ላይ “ቪቫ ሜክሲኮ” ሦስት ጊዜ ይባላል፣ ከዚያ ነው ደወሉ። የሆሴፋ ኦርቲዝ ስም ሲጠራ ደግሞ ወለሉን በተረከዝሽ አንዴ ምቺልኝ። ለምን እንደሆነ ቢጠይቁሽ አሁን ታውቂያለሽ።